ለሶልያና የመረጥኩት ኮረብታ

የሥራ ጃኬቴን የመለስኩት በመጋቢት ነበር፤ በረዶው ቀልጦ ኮረብታው ላይ ጭቃ ብቻ በቀረበት ሰሞን። ሥራ አስኪያጁ ተቀበለኝ፣ ኪሶቹን ፈተሸ፣ «ታንክስ ፎር ኤቭሪቲንግ» አለኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ። በቃ። ከአሥር ዓመት በላይ ብርድ ላይ ቆሜ የሠራሁበት ቦታ ስንብቱ ይኸው ነበር። ኬክ አልጠበቅኩም እያልኩ ለሰው አወራለሁ፤ ውሸቴን ነው፣ ትንሽ ጠብቄ ነበር። ወደ መኪናዬ ስሄድ ጉልበቴ ያመኛል፣ በልቤም ሰውየውን እሰድባለሁ።

የሚያውቁኝ ሰዎች ተፈራ አሜሪካ ምን ሲሠራ ኖረ ቢባሉ «ዌርሃውስ»፣ መጋዘን ይላሉ። አልተሳሳቱም። ዲቪ ደርሶኝ ኮሎምበስ ከገባሁ ጀምሮ መጀመሪያ ግሮቭ ሲቲ፣ ከዚያ ኦቤትስ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ስነዳ ኖሬያለሁ። ስለ እሱ ግን የምጽፈው ነገር የለኝም። ሳጥን ይመጣል፣ ሳጥን ይሄዳል፤ አለቃ ይመጣል፣ አለቃ ይሄዳል። ትዝታ የሚባል ነገር የተረፈኝ ከሌላው ሥራዬ ነው፤ ዘመዶቼ ሲሰሙ ከሚስቁበት።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከከተማው ወጣ ብላ ያለች ትንሽ የበረዶ መንሸራተቻ ቦታ ለብርድ ወራት ሠራተኛ ትፈልጋለች ብሎ ነገረኝ። እኔ በረዶን የማውቀው ጠዋት ጠዋት ከመኪናዬ መስታወት ላይ ስፍቀው ነው። ኦሃዮ ደግሞ ተራራ የሚባል ነገር የለውም፤ እነሱ ተራራ የሚሏት እኛ አገር ብትሆን ስም እንኳ የማይወጣላት ጉብታ ናት። በረዶውንም ግማሹን በማሽን ነው የሚረጩት። ቢሆንም ሄድኩ። ቅዳሜና እሁድ ጀመርኩ፤ ኋላ ወገቤ ፎርክሊፍቱን እምቢ ሲል የብርዱን ወራት ሙሉ እዚያው ሆንኩ።

የጀማሪ ልጆችን ሜዳ የሚመራው ዋልተር የሚባል ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሽማግሌ ነበር። ሰላምታው አጭር ነው፤ ፈገግታውንም ለልጆች ብቻ ይቆጥባል። ሥራውን በቃል አስተምሮኝ አያውቅም፤ እያየሁ ነው የለመድኩት። ልጅ ሲመጣለት አስቀድሞ ይንበረከካል። የወላጁን ስም ከመጠየቁ በፊት የልጁን ይጠይቃል። ጓንቱን አውልቆ በባዶ እጁ የስኪ ጫማውን፣ የቡቱን አፍ ይዳስሳል፤ ጣቱ በቀላሉ ከገባ ሰፊ ነው፣ ይመልሰዋል። ከዚያ ቡቱን ብቻ አድርጎ ሜዳ ላይ ያራምደዋል። ቀጥሎ አንድ እግሩን ስኪው፣ ረጅሙ መንሸራተቻ ላይ አውጥቶ ያንሸራትተዋል፣ ቀጥሎ ሌላውን። ወላጆች «መቼ ነው ወደ ላይ የሚወጣው?» እያሉ ይነጫነጫሉ፤ እሱ አይሰማም። ትምህርቱን የሚያበቃው ደግሞ ልጁ ገና እየሳቀ ሳለ ነው። የደከመው ልጅ ነገ አይመጣም ይላል።

አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ በፒክአፑ ጭኖኝ ሌሎቹን ትናንሽ ቦታዎች ሊያሳየኝ ዞርን። ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ሲደርስ ቀና ብሎ ጫፉን ያያል። ዋልተር ግን ጎንበስ ብሎ የሚያየው ቁልቁለቱ የሚያልቅበትን ነበር። መጨረሻው ረዘም ያለ ሜዳ ከሆነ፣ ማቆም ያልቻለ ልጅ በራሱ ጊዜ ይቆማል። መጨረሻው መኪና ማቆሚያ ወይም ዛፍ ከሆነ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ከዚያ የጀማሪዎቹ ቦታ በአጥር ተለይቷል ወይ፣ ፈጣኖቹ በመሀሉ ያቋርጡታል ወይ ብሎ ያያል። እናትየው አጥሩ ጋ ቆማ ልጇን ከላይ እስከ ታች ማየት ትችል እንደሆነ ለማወቅ ራሱ ሄዶ እናትየው የምትቆምበት ይቆማል። ሽንት ቤቱ ሩቅ ከሆነማ ተናዶ ይወጣል፤ በዚያ ሁሉ ልብስ የታሰረ የስድስት ዓመት ልጅ ሽንቱ ሲመጣ እንደማይጠብቅ ያውቃል። አንዱ ቦታ ላይ ሠራተኞቹ «ምን እንርዳዎት?» ሲሉት «ምንም፤ መጨረሻችሁ መጥፎ ነው» ብሏቸው ወጣን። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባቸው አይመስለኝም።

የእኔ ሥራ ምንጣፉ ነበር። ጀማሪ ልጅ በገመድ ላይ በሚሄደው ወንበር አይወጣም፤ መሬት ላይ የተዘረጋ የጎማ ምንጣፍ አለ፣ ልጁ ስኪውን አድርጎ ይቆምበታል፣ ምንጣፉ በዝግታ ወደ ላይ ይወስደዋል። ታች ትንሽ ጎጆ ውስጥ የሚቆም ሰው አለ፤ እጁን ማቆሚያው ቁልፍ ላይ አድርጎ ዓይኑን ከልጆቹ አይነቅልም። ያ ሰው እኔ ነኝ። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ምንጣፉን ድንገት ቢያቆሙት ልጆቹ ወደ ኋላ ተንሸራተው አንዱ በሌላው ላይ ይወድቃሉ፤ ትተውት ቢሄዱ ደግሞ ላይኛው ጫፍ፣ ጎማው ተጠምዝዞ ወደ ውስጥ የሚገባበት ጋ የአንዱ ሻርፕ ሊያዝ ይችላል። አንድ ጊዜ ሲያዝ አይቻለሁ። ዋልተር ልጅቷ ሳታውቀው በፊት አቆመው፣ ሻርፑን ቆርጦ አስወጣት፣ ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ አንድ ነገር ተናገረ። «ምንጣፉ ላይ ያሉት ሁሉ ያንተ ልጆች ናቸው። ከምንጣፉ ውጭ ያለው የሌላ ሰው ነው።» እንደ ሕግ ያዝኩት። ሕግ መያዝ ምን እንደሚያስከፍል ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ያ የበሽታ ዓመት መጣ። ዋልተር በዕድሜው ምክንያት በዚያ መኸር አልተመለሰም። ቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር ሁሉ ስለተዘጋ ሰው ወደ ኮረብታው ጎረፈ። ከሀብታሞቹ ሰፈር ከአፐር አርሊንግተን የራሳቸውን ስኪ ጭነው የሚመጡት የድሮ ደንበኞቻችን ሳይቀሩ ቡታቸውን መኪናቸው ውስጥ እንዲያስሩ ተነገራቸው። ቲኬት ቀድሞ በስልክ ይያዛል፤ አንድ አስተማሪ ከአራት ልጅ በላይ እንዳይቀበል ተከለከለ።

አሁን ስለ ዳንኤል ልናገር። ዳንኤል የሟች እህቴ ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት ገና ሕፃን ነበር፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፣ ወደዚህም ያመጣሁት እኔ ነኝ። ትራክ ይነዳል፣ ቤት ገዝቷል፣ ምሕረት የምትባል ጭምት ሚስት አለችው። ልጃቸው ሶልያና ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት በስክሪን ከሆነ ወዲህ ልጅቷ ተለወጠች። ጥፍሯን ትበላለች፣ ማታ እያለቀሰች ትነቃለች፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከቤት አልወጣም ማለቷ ነበር። ጫማ አድርጊ ሲሏት ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። ከዕለታት አንድ ቀን የክፍሏ ልጅ በስክሪኑ ላይ በረዶ ላይ ሲንሸራተት የተነሳውን ቪዲዮ ሲያሳይ አይታ «እኔም» አለች። ምሕረት ወዲያው ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ከስንት ወር በኋላ መጀመሪያ ውጭ መውጣት የፈለገችው ይሄንን ነው» አለችኝ። «እባክዎ ጥሩ ቦታ ይምረጡልን። ከፈራች እንደገና አትወጣልኝም።»

ቀልድ አላደረግሁትም። እኔ የምሠራበት ነው ብዬ ዝም ብዬ አላመጣኋትም፤ ዕረፍት ቀኔን ጠብቄ ከዋልተር ጋር የዞርነውን መንገድ ብቻዬን እንደገና ዞርኩ። ትልቁና ሩቁ ቦታ ምንጣፍ የለውም፣ ሕፃኑንም በወንበር ነው የሚያወጡት። ሌላው ላይ ፈጣኖቹ ወደ ካፌው ሲሄዱ በጀማሪዎቹ መሀል ያልፋሉ። መጨረሻ ላይ የእኛዋ ተሻለች። አጥሯ ደህና ነው፣ ታችኛው ሜዳ ረጅም ነው፣ እናት ቆማ ሁሉን ታያለች። ለምሕረት ደወልኩላትና አንድ ስስ ካልሲ ብቻ አድርጊላት፣ የቅዳሜ ጠዋቱን ትምህርት፣ ሌሰኑን ዛሬውኑ ያዢ፣ አስተማሪዋ ኬልሲ ትባላለች፣ ጎበዝ ናት አልኳት። ምሕረት እንዳልኳት አደረገች፤ ቦታውን ያዘች።

ቅዳሜ ሁለት መኪና ሆነው መጡ። የምሕረት እህትና ባሏ አብረው አሉ፤ የመኪናው ኋላ በምግብ ተሞልቷል። ዳንኤል ከሩቅ እጁን እያወዛወዘ «ጋሼ!» ብሎ ሲጮህ፣ ለሚስቱ እህት ደግሞ «አላልኩም? ሰው አለን እዚህ» ሲላት ሰማሁት። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ። ሰው አለን መባል የሚጠላ የለም። እኛ ክሊኒክም ስንሄድ፣ መኪናም ስንገዛ፣ ሥራም ስንፈልግ መጀመሪያ የምንጠይቀው «እዚያ ሰው አለን?» ብለን ነው።

እረፍት ላይ ስለነበርኩ ሶልያናን ቡት ላስርላት ተንበረከክሁ። አልገባም አለ። ሦስት ካልሲ ደራርበውላታል። «እንዳይበርዳት ብዬ ነው» አለ ዳንኤል። ሁለቱን አወለቅሁ፣ ቡቱ ልክ ሆነ። ሶልያና ተነስታ ዱብ ዱብ እያለች ተራመደችና ሳቀች። ምሕረት ፊቷን አዞረች፤ እያለቀሰች ነበር።

«በሉ፣ ኬልሲ ጋ ሂዱ፤ ሌሰኑ ሊጀመር ነው» አልኳቸው።

«ካንስል አድርጌዋለሁ እኮ» አለ ዳንኤል።

«ምን?»

«ምሕረት ሪዘርቭ ማድረጓን ትናንት ነው ያየሁት። አንተ እያለህ ለማናውቃት ልጅ ምን አስረከበን? አንተው ይዘሃት ትወጣለህ።»

ምሕረት አልሰማችም ነበር መሰለኝ፣ ፊቷ ጥቁር አለ። እኔ ወደ ኬልሲ ሮጥኩ። አራት ልጆች ተሰልፈዋል፤ ሶልያና በለቀቀችው ቦታ ቀይ ቆብ ያደረገ አንድ ልጅ ገብቷል። ኬልሲ አዘነች፣ ግን አምስተኛ ከጨመረች ከሥራ እንደምትባረር ነገረችኝ። የከሰዓቱ ሌሰን ላይ አንድ ቦታ አለ አለች። ያዝኩላትና ተመለስኩ።

«እኔ ምንጣፉ ላይ ነኝ፤ ከዚያ መነቃነቅ አልችልም። ከሰዓት ቦታ አግኝቻለሁ። እስከዚያ እዚህ ሜዳ ላይ በቡቷ ትራመድ፣ አንድ ስኪ አድርጋ ትንሸራተት። ይሄም ትምህርቱ ነው።»

ዳንኤል የሚስቱን እህትና ባሏን አየ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ሠርተህ አንድ ልጅ ማስገባት አትችልም?» አለኝ።

«መስመሩ ለሁሉም ነው፣ ዳኒ።»

«እኛ ሁሉም ነን እንዴ?»

ሶልያና የተሰለፉትን ልጆች እያየች «አይ ዋና ጎ ዊዝ ዘ ኪድስ» አለች፤ ከልጆቹ ጋር ልሂድ ማለቷ ነው። እረፍቴ አልቆ ወደ ጎጆዬ ገባሁ። ያን ቀን ዳንኤል ለራሱም ስኪ መከራየቱን አላየሁም።

ቀይ ቆብ ያደረገው ልጅ ምንጣፉ ላይ ሲወጣ እያየሁት፣ ከአጥሩ ማዶ ወንበሩ ላይ የዳንኤልን ቢጫ ጃኬት አየሁ። አጠገቡ ሶልያና ናት። ወደ ረጅሙ ቁልቁለት እየወጡ ነው። ሬዲዮዬን አነሳሁና ለነፍስ አድን ሠራተኞቹ «ቢጫ ጃኬት ያደረገ ሰው ሕፃን ይዞ እየወጣ ነው፣ መንሸራተት አያውቅም፣ ከላይ አስቁሙልኝ» አልኩ። እሺ አሉ። ግን በኮረብታው በሌላው በኩል ነበሩ።

ላይ ሲደርሱ ዳንኤል፣ ከስልኩ ላይ አይቶ ይሆናል፣ በሁለት እግሮቹ መሀል አቆማት። መጀመሪያ ላይ ደህና ሄዱ። ከዚያ ፍጥነቱ ጨመረ። ማቆም አያውቅም፤ ፍርሃት ሲይዘው ወደ ኋላ ለመቀመጥ ሞከረ፤ ወደቀ፣ ልጅቷ ከሥሩ ሆነች። አብረው ተንከባለሉና ቆሙ። ጩኸቷ እዚህ ድረስ ተሰማኝ።

ምንጣፌ ላይ ልጆች አሉ። የቀይ ቆቡ ልጅ ገና አጋማሽ ላይ ነው፣ ከሱ በታች ሌሎች አሉ። መግቢያውን በእግሬ ዘጋሁት። እጄ ቁልፉ ላይ ነው፣ ዓይኔ ልጆቹ ላይ ነው፤ እስኪወርዱ መጠበቅ ነበረብኝ። ምሕረት አጥሩን ይዛ «ጋሼ! ጋሼ!» እያለች ትጮሃለች። ልዞር አልቻልኩም። የመጨረሻው ልጅ ጫፉ ላይ ደርሶ ሲወርድ ምንጣፉን አጠፋሁ፣ የማስነሻውን ቁልፍ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ፣ ሮጥኩ። ስደርስ የነፍስ አድን ሰዎቹ ሶልያናን በረዶ ላይ የሚጎተት ሸርተቴ አልጋ ላይ እያሰሯት ነበር። ዳንኤል በረዶው ላይ ተቀምጦ እጁን ራሱ ላይ አድርጓል።

የቅልጥሟ አጥንት ነበር የተሰበረው። ሐኪሞቹ በልጅነት ቶሎ ይጠገናል አሉ፣ ተጠገነም።

ያን ዕለት ማታ ደወልኩ። ዳንኤል አነሳና «ቆመህ አየኸን» አለኝ።

«ምንጣፉ ላይ ልጆች ነበሩ።»

«የማን ልጆች?»

የማን እንደሆኑ አላውቅም። ስማቸውንም አላውቅም። ስልኩን ዘጋው።

ለዋልተርም ደውዬ ነበር። አዳመጠኝና «ትተኸው ስትሄድ ምንጣፉ ባዶ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ባዶ ነበር አልኩት። «እንግዲያው ሥራህን ሠርተሃል» አለኝ። ያልጠበቅሁት መልስ አልነበረም፤ ግን ያን ቀን በሰውየው ላይ ንዴት ያዘኝ። እሱ የሚሠራበትን ሕግ የሚያውቁ ሰዎች መሀል ነው የሚኖረው። እኔ እሁድ እሁድ ቤተክርስቲያን የምገባው ከዳንኤል ጋር ነው።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። «የገዛ እህቱ ልጅ ወድቆ ቁልፍ ይዞ ቆሞ ያያል» ተባለ። ፈረንጅ ሆኗል ተባለ። ቲኬት በነፃ እንዳሰጣቸው፣ ልጆቻቸውን ቀድሜ እንዳስገባ ሲለምኑኝ የነበሩ ሰዎች ናቸው ይሄን የሚሉት። ለሶልያና መጫወቻ ገዝቼ ብሄድ ዳንኤል በበሽታው አሳብቦ በር ላይ አስቀምጥና ሂድ አለኝ። አስቀምጬ ሄድኩ።

ምሕረት ብቻ ቆይታ ደወለችልኝ። «እኔ አልፈርድብዎትም፣ ጋሼ» አለች። «ካንስል ያደረገው እሱ ነው፤ ያወጣትም እሱ ነው። ግን ያን ያህል ስጠራዎት አንዴ እንኳ ዞር ብለው አላዩኝም።» ዓይን ከምንጣፉ አይነሳም ልላት ፈለግሁ። የዳንኤል ስድብ ሁሉ ተደምሮ ይቺን አንዲት ቃል ያህል አላመመኝም።

ሶልያና እግሯ ድኖ እንኳ ያን የብርድ ወራት ከቤት አልወጣችም። የፈራነው ሆነ። በረዶ ሲጥል መጋረጃ ዝጉልኝ ትል እንደነበር ከምሕረት ሰማሁ። በቀጣዩ ዓመት እኔ ያንኑ ጎጆ ገብቼ የማላውቃቸውን ልጆች ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ ሳወጣ ከረምኩ። በእኔ ጊዜ አንድም አልተጎዳብኝም። ይሄንን የማወራለት ሰው አልነበረኝም። በመጋቢት ጃኬቴን መለስኩ።

ባለፈው መኸር ከአምልኮ በኋላ ቤተክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ አዲስ የመጡ ባልና ሚስት ዳንኤልን ያዋሩታል። ወንድ ልጅ አላቸው፤ ስኪ ሊያስተምሩት ፈልገዋል። የዳንኤል ልጅ ሞክራ ነበር ሲባል ሰምተው ኖሮ «ለጀማሪ ልጅ የቱ ቦታ ይሻላል?» ብለው ጠየቁት። ሶልያና እጁን ይዛ ቆማለች፤ አድጋለች፣ በደህና ነው የምትራመደው። ዳንኤል ከኋላቸው መቆሜን አየ። ድምፁን ከፍ አደረገ።

«የትም ውሰዱት» አለ። «ብቻ ሰው የሌላችሁበት ቦታ ይሁን።»

ባልና ሚስቱ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ልናደድበት ፈልጌ ነበር፤ ግን ነገሩን ሳስበው የሚያናድድ አጣሁበት። እኔና ዋልተር ስለ ቁልቁለት መጨረሻ፣ ስለ አጥር፣ ስለ ሽንት ቤት ያን ያህል ስንመራመር ይሄን አላሰብነውም። ሶልያና ማንም ወደማያውቃት ኮረብታ ሄዳ ቢሆን፣ አባቷ እንደማንም ይሰለፍ ነበር፤ እናቷ የያዘችላትም ቦታ አይሰረዝም ነበር፤ እሷም ያን ቀን ጠዋት እንደለመነችው ከልጆቹ ጋር ትወጣ ነበር። ዳንኤል የተናገረው ሊያቆስለኝ ነው፤ ምክሩ ግን ልክ ነው። አሁን ማንም ቢጠይቀኝ እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። የሚጠይቀኝ ግን የለም።